የሳውዝ ፓርክ የመጀመሪያ ሲዝኖች አይዘለሉም

ሰሞኑን ስለ ሳውዝ ፓርክ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ በጓደኞቼ መካከል ሲዘዋወር ቆይቶ እኔም ጋ ደረሰ። ሳውዝ ፓርክ በአንዲት ትንሽ የአሜሪካ ከተማ ስለሚኖሩ ስታን፣ ካይል፣ ካርትማንና ኬኒ ስለሚባሉ አራት ልጆች የሚያወራ የአዋቂዎች ካርቱን ነው። ጸሐፊው ካርቱኑን ይወዱታል። ለአዲስ ተመልካች ግን አንድ ምክር ይሰጣሉ፤ ከአንደኛው እስከ አምስተኛው ያሉትን ሲዝኖች ዝለሏቸው ይላሉ። ምክንያቶቻቸውን በአጭሩ ላስቀምጥ። የመጀመሪያዎቹ ሲዝኖች ስድብና የፈስ ቀልድ ብቻ ናቸው። ሥዕሉ የቸልተኛ ሥራ ነው። ኬኒን በየሳምንቱ መግደል ጭካኔ እንጂ ቀልድ አይደለም። ልጆችን ያባልጋል። በኢትዮጵያ ረሃብ የሚያፌዝ ክፍል ስላለበት ኢትዮጵያዊ የሆነ ሰው ሊያየው አይገባም። ካርቱኑ ስለ ወቅቱ ጉዳይ መናገር የጀመረው ዘግይቶ ነው። ዋናውን ገጸ ባሕርይ ካርትማንን ካርትማን ያደረገው ደግሞ የስኮት ቴነርማን ታሪክ ነው፤ እውነተኛው ሳውዝ ፓርክ የሚጀምረውም ከዚያ ነው።

ጸሐፊው ከልባቸው እንደጻፉት ያስታውቃል። የኢትዮጵያውን ነገር ሲያነሱ ቁጭታቸው ይሰማል፤ ያንን አከብራለሁ። በቀረው ግን አልስማማም። እ.ኤ.አ. ከ1997 እስከ 2001 የተላለፉት እነዚያ አምስት ሲዝኖች ለእኔ ከኋለኞቹ ይበልጣሉ። ለምን እንደሆነ ነጥብ በነጥብ ልናገር።

ከስድቡና ከፈሱ እንጀምር። አዎ፣ አለ። ሞልቷል። ግን ሌላስ ምን አለ? በአንደኛው ሲዝን «ሞት» የሚባል ክፍል አለ። የስታን አያት 102 ዓመት ሞልቷቸዋል። መኖር መሯቸዋል። የልጅ ልጃቸውን ግደለኝ እያሉ ይለምኑታል። ስታን ገና የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ነው፤ ግራ ይገባዋል። ሰው ራሱ ከጠየቀ መግደል ኃጢአት ነው ወይ ብሎ አስተማሪውን ይጠይቃል። የትምህርት ቤቱን ምግብ አብሳይ ሼፍን ይጠይቃል። ኢየሱስን ሳይቀር ይጠይቃል፤ በካርቱኑ ውስጥ ኢየሱስ በከተማዋ ቴሌቪዥን ፕሮግራም አለው። አንዱም አይመልስለትም። ሁሉም እዚህ ነገር ውስጥ አታስገባኝ ይላል።

ወላጆቹስ የት ናቸው? ኒው ዮርክ ሰልፍ ላይ። ቴራንስና ፊሊፕ የሚባሉ፣ ቀልዳቸው ሁሉ ፈስ የሆነ ሁለት ካናዳውያን የሚታዩበት ፕሮግራም ይዘጋልን እያሉ ነው። ልጆቻቸው ቤት ውስጥ ከሞት ጋር ተፋጠዋል። እነሱ ከፈስ ጋር ጦርነት ገጥመዋል። ይህ የተላለፈው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 17፣ 1997 ነው። ካርቱኑ ከተጀመረ ገና አንድ ወር ከምናምን ነው። ፈጣሪዎቹ ትሬይ ፓርከርና ማት ስቶን ቴራንስና ፊሊፕን ያመጡት ሥራችሁ የፈስ ቀልድ ብቻ ነው ለሚሏቸው ሰዎች መልስ እንዲሆን ነው። ጸሐፊው ዛሬ ያነሱት ክስ ያን ጊዜም ነበረ ማለት ነው። መልሱም እዚያው ዝለሉት ባሉት ሲዝን ውስጥ ተቀምጧል።

የመጀመሪያዎቹ ሲዝኖች ጉልበት እዚህ ጋ ነው። ልጅ ይጠይቃል፤ አዋቂ ይሸሻል። በሦስተኛው ሲዝን፣ ዓለም ሁሉ በፖኬሞን ባበደበት በ1999፣ «ቺንፖኮሞን» የሚል ክፍል ሠሩ። ልጆቹ ከጃፓን የመጣ አሻንጉሊት ካልገዛችሁልን ይላሉ። ከአሻንጉሊቱ ጀርባ ጃፓን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የደበደበችውን የአሜሪካ ወደብ፣ ፐርል ሃርበርን፣ እንደገና የማስደብደብ ሤራ አለ። አዋቂዎቹ ሊጠይቁ ሲሄዱ ጃፓናውያኑ ስለ ወንድነታቸው ትልቅነት ያሞካሿቸዋል፤ እነሱም ደስ ብሏቸው ይመለሳሉ። በመጨረሻ መፍትሔ የሚገኘው ወላጆቹ ራሳቸው አሻንጉሊቱን የወደዱ ሲመስሉ ነው። ልጆቹ ያንኑ ቀን ይጠሉታል። ልጅ ያሳደገ ሁሉ ይህን ያውቀዋል። ክፍሉ ኤሚ ለሚባለው የአሜሪካ የቴሌቪዥን ሽልማት ታጭቶም ነበር።

በኋለኞቹ ሲዝኖች ማዕከሉ ተቀየረ። የስታን አባት ራንዲ ዋና ሰው ሆነ። ከ2018 ጀምሮ ደግሞ ለዓመታት ማሪዋና አምራች ገበሬ ሆኖ ታሪኩን ከሞላ ጎደል ተቆጣጠረው። ራንዲ ያስቃል፤ አልክድም። ግን አዋቂው ራሱ ሲያብድ ማየት አንድ ነገር ነው። የአዋቂን እብደት በስምንት ዓመት ልጅ ዓይን ማየት ደግሞ ሌላ ነገር ነው። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ።

ሥዕሉን በተመለከተ ብዙ አልልም። የመጀመሪያው ክፍል በእርግጥም በመቀስ ከተቆረጠ ባለቀለም ወረቀት ነው የተሠራው፤ እያንዳንዷን እንቅስቃሴ በእጅ እያንቀሳቀሱና ፎቶ እያነሱ። ወራት ፈጅቷል። ከዚያ ወዲህ ያሉት በኮምፒውተር የተሠሩ ናቸው። ኮምፒውተሩ ግን ወረቀት እንዲያስመስል ሆን ተብሎ ነው የታዘዘው። ማሳመር ሲችሉ አላሳመሩም። ይህ ምርጫ ነው። ፓርከርና ስቶን በ1992 ኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳሉ የመጀመሪያዋን አጭር ፊልማቸውን በዚሁ ወረቀት ሠሩ። በ1995 ሁለተኛዋን ሠሩ፤ እሷም በካሴት እየተቀዳች ከእጅ ወደ እጅ ዞረች። ቴሌቪዥን ላይ ያደረሳቸው ይኸው ወረቀት ነው። ቅንድቡን ብቻ ከፍና ዝቅ በማድረግ ሰውን የሚያስቅ ሥዕል ቸልተኛ አይባልም።

ከሥዕሉ ይልቅ ጸሐፊው የረሱት ድምፁን ነው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሲዝኖች የሴቶቹን ድምፅ በአብዛኛው የምትሠራው ሜሪ ኬይ በርግማን ነበረች። የካይል እናት እሷ ናት። የስታን እናት እሷ ናት። የክፍል ጓደኛቸው ዌንዲም፣ ከንቲባዋም እሷ ናት። በኖቬምበር 1999 በ38 ዓመቷ አረፈች። የካይልን እናት ሌሎች በጥሩ ሁኔታ ተክተዋታል፤ ግን ያ የመጀመሪያው ድምፅ፣ ያ ሰልፍ የሚያስወጣ ድምፅ የእሷ ነው። አምስቱን ሲዝኖች የዘለለ ሰው በርግማንን ፈጽሞ አይሰማትም። ታላቁ የሶል ዘፋኝ አይዛክ ሄይስም ሼፍን ሆኖ ድምቅ ብሎ የሚሰማው በእነዚሁ ዓመታት ነው። በ2006 ሥራውን ለቀቀ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ አረፈ። ሼፍ ብዙ ጊዜ ልጆቹን እንደ ሰው የሚያናግራቸው ብቸኛ አዋቂ ነበር። ይህን ማጣት ቀላል አይደለም።

ኬኒ። ጸሐፊው ጭካኔ ነው ይላሉ። እኔም ጭካኔ ነው እላለሁ፤ ግን የማን ጭካኔ? ኬኒ የከተማዋ ድሃ ልጅ ነው። ኮፍያው አፉን ስለሸፈነው የሚናገረው አይሰማም። በየሳምንቱ ይሞታል። ጓደኞቹ አንድ ጊዜ ይጮኻሉ፣ ገዳዩን ይሳደባሉ፣ ከዚያ ወሬያቸውን ይቀጥላሉ። በሚቀጥለው ሳምንት ማንም አያስታውስም። ድሃ ሲሞት ከተማ ውስጥ የሚሆነው ይኸው አይደለም? በዲሴምበር 2001 ደግሞ ታሪኩን ገለበጡት። ኬኒ በማይድን በሽታ ተይዞ ሆስፒታል ተኛ። ስታን የጓደኛውን ሞት ለማየት አቅም አጥቶ ከክፍሉ ሸሸ። አንጀት ይበላል። ያ ክፍል የሚሠራው በፊት ያንን ሁሉ ሞት እየሳቅን ስላለፍነው ነው። የቀደመውን ዝለሉ ከተባለ ይኼኛው ባዶ ይሆናል።

ልጆችን ያባልጋል የሚለው ላይ ግማሽ መንገድ አብሬያቸው እሄዳለሁ። ሳውዝ ፓርክ የልጆች ፊልም አይደለም። ኮሜዲ ሴንትራል የተባለው የአሜሪካ ቴሌቪዥን ጣቢያ የሚያስተላልፈው ማታ 4 ሰዓት ላይ፣ ለአዋቂ ብቻ የሚል ምልክት ለጥፎ ነው። እኛ ዘንድ ካርቱን ከሆነ የልጅ ነው የሚል ልማድ አለ። ወላጅ ሪሞቱን ለልጁ ሰጥቶ ኩሽና ይገባል። እባካችሁ ይህንን አታድርጉ። ግን ጥፋቱን ካርቱኑ ላይ መጫን ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱንም ፈጣሪዎቹ በ1999 ለሲኒማ በሠሩት ፊልም መልሰውታል። የፊልሙ ታሪክ በሙሉ ስለዚህ ነው። ልጆቹ ከቴራንስና ከፊሊፕ ስድብ ይማራሉ። ወላጆቹ ራሳቸውን ከመጠየቅ ይልቅ ካናዳን ይወነጅላሉ። ጦርነት ያውጃሉ። ሰው እንደ ቅጠል ይረግፋል። ለእነዚያ ወላጆች ደም ችግር አይደለም፤ ችግሩ ስድብ ነው። ካናዳን የሚወነጅለው የወላጆቹ ዘፈን ለኦስካር ታጭቶ በ2000 ሥነ ሥርዓት ላይ ሮቢን ዊሊያምስ ዘፍኖታል።

አሁን ወደ ኢትዮጵያው ክፍል። ርዕሱ «ስታርቪን ማርቪን» ነው፤ የተራበው ማርቪን እንደማለት። ለአሜሪካ የምስጋና ቀን ተብሎ ኖቬምበር 19፣ 1997 ተላለፈ። ላላዩት ታሪኩን ልንገር። አራቱ ልጆች ቴሌቪዥን ላይ የእርዳታ ማስታወቂያ ያያሉ። ለተራበ አፍሪካዊ ልጅ ገንዘብ ለላከ ሰው የስፖርት ሰዓት በስጦታ ይሰጣል። ሰዓቱ ያምራቸዋል። በካርትማን እናት ክሬዲት ካርድ ይከፍላሉ። በሰዓቱ ፋንታ አንድ አጥንቱ የወጣ ኢትዮጵያዊ ልጅ ይመጣላቸዋል። ካርትማን ስም ያወጣለታል። ያሻህን ያህል ብላ የሚባልበት ምግብ ቤት ይወስዱታል። በኋላ ልጁን ወደ ሀገሩ ሊመልሱ የመጡ ሰዎች በስህተት ካርትማንን ይዘው ይሄዳሉ። ድሆች ቢሞቱ ይሻላል ሲል የነበረው ወፍራሙ ልጅ ኢትዮጵያ ገብቶ ይራባል። እዚያ አንድ ጎጆ ያገኛል። በማስታወቂያው ላይ ስለ ረሃብተኞች የምትለምነው ተዋናይት ሳሊ ስትራዘርስ የእርዳታውን ምግብ ከምራ እየበላች ነው።

ስትራዘርስ በእርግጥም በዚያ ዘመን የሕጻናት እርዳታ ማስታወቂያ ላይ ትታይ ነበር። ምግብ መደበቋ ግን የካርቱኑ ፈጠራ ነው። በእሷ ላይ ግፍ ነው ብዬ አምናለሁ። ሆኖም ቀልዱ በማን ላይ እንደተነጣጠረ ከዚህ ይታያል። በሚለምነው ላይ ነው። ሰዓት ፈልጎ በሚረዳው ላይ ነው። በካርትማን ላይ ነው። እዚያው ክፍል ውስጥ የከተማዋ ድሆች፣ የኬኒ ቤተሰቦች፣ ለበዓሉ የሚደርሳቸው አንድ የቆርቆሮ ምግብ ነው። መክፈቻ የላቸውም። እጅግ መራር የሆነው ቀልድ የተቀለደው በአሜሪካዊቷ ከተማ ላይ ነው።

ቢቢሲ የ77ቱን ረሃብ ከኮረም ለዓለም ያሳየው ኦክቶበር 23፣ 1984 ነው። በሚቀጥለው ዓመት በማርች የአሜሪካ ዘፋኞች ዘፈን ወጣ፤ በጁላይ ላይቭ ኤይድ የተባለው የእርዳታ ኮንሰርት ተካሄደ። የቢቢሲው ዘገባ ሲተላለፍ ፓርከር 15፣ ስቶን 13 ዓመታቸው ነበር። ምግቡን ያልጨረሰ አሜሪካዊ ልጅ የኢትዮጵያን ልጆች አስብ እየተባለ ያደገበት ዘመን ነው። እነዚህ ሁለት ሰዎች ካደጉ በኋላ ሙድ የያዙት በዚያ ምስል ላይ ነው። ምስሉን ማን እንደሸጠውና ማን እንደገዛው ነው የጠየቁት።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ ጸሐፊውን የሚያንገበግባቸው ነገር እኔንም ያንገበግበኛል። ካርቱኑ ውስጥ ያለችው ኢትዮጵያ አሸዋ ብቻ ናት። ከተማ የላትም፣ ማሳ የላትም፣ ተራራ የላትም። ሰዎቿ በምላስ ጠቅታ ይነጋገራሉ። ያ ድምፅ በተለይ የደቡባዊ አፍሪካ ቋንቋዎች መለያ ነው፤ ከኛ ቋንቋዎች አንዱም አያውቀውም። ለመጠየቅ አምስት ደቂቃ አይፈጅም ነበር። በልግስና ላይ እየቀለዱ ስለ ተቀባዩ ምንም ለማወቅ አለመፈለግ ያንኑ የሚተቹትን በሽታ መያዝ ነው።

«ስታርቪን ማርቪን» የሚለው ስምም ከካርቱኑ ወጥቶ ትምህርት ቤት ገባ። አሜሪካ ያደጉ ዘመዶቼ በየኮሪደሩ ሰምተውታል። አንዷ የአጎቴ ልጅ በዚህ ስም እየጠሯት ካፊቴሪያ ገብታ ምሳ መብላት አቁማ ነበር። ቀልዱ እኮ በሌላ ሰው ላይ ነው ብዬ እሷን ላጽናናት አልችልም። አልሞክርምም። ግን ያንን ስም የሚጠሯት ልጆች የቆሙት ካርትማን ቦታ ላይ ነው። ክፍሉን አይተው ካርትማንን የመረጡ እነሱ ናቸው።

በኖቬምበር 1999 ማርቪን ተመልሶ መጥቷል። ሚስዮናውያን ኢትዮጵያ ገብተው ለተራበ ሰው መጽሐፍ ቅዱስ ያድላሉ። የቴሌቪዥን ሰባኪው ፓት ሮበርትሰን ከአሜሪካ ሆኖ ገንዘብ ይሰበስባል። ማርቪን የጠፈር መንኮራኩር ያገኝና ሕዝቡን ወደ ሌላ ፕላኔት ይዞ ይሄዳል። እዚህ ላይ ስላቁ ከበፊቱ የሰላ ነው። መጨረሻውን ግን ይቅር አልለውም። ኢትዮጵያውያን በምድር ላይ ቦታ የላቸውም ብሎ ከመጨረስ የተሻለ መፍትሔ ለማሰብ አልደከሙም። ዓለም የሚያውቀው ያ አሸዋ ብቻ ሆኖ ሲቀር ሰውን ከአሸዋው ማውጣት ደግ ሥራ ይመስላል። እኛ ደግሞ ሀገሩን እናውቀዋለን።

ታዲያ ኢትዮጵያዊ አይየው? እኔ እንደውም መጀመሪያ ሊያየው የሚገባው ኢትዮጵያዊ ነው እላለሁ። በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው ያየው ስለ እኛ የተሠራ ሥዕል ነው። የቱ ላይ እውነት እንደተናገረ፣ የቱ ላይ እንደዋሸ ልክ ልኩን መንገር የምንችለው እኛ ነን። ጸሐፊው ዝለሉት ሲሉ ይህን አቅም ነው የሚቀሙን።

ስለ ወቅታዊነቱ የተባለው ደግሞ በቀን መቁጠሪያ የሚፈርስ ነው። ኤሊያን ጎንዛሌዝ የተባለውን ኩባዊ ሕጻን የታጠቁ የፌዴራል መንግሥት ወኪሎች ማያሚ ካለው የዘመዶቹ ቤት የወሰዱት ኤፕሪል 22፣ 2000 ነው። ሳውዝ ፓርክ ያንን ወረራ የሚያስመስል ትዕይንት ያሳየው ኤፕሪል 26 ነው። አራት ቀን! በደቡብ ካሮላይና የምክር ቤት ጉልላት ላይ ይውለበለብ የነበረው፣ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የተዋጉት የደቡብ ግዛቶች የጦር ባንዲራ የወረደው ጁላይ 1፣ 2000 ነው። በዘረኛ ባንዲራ ላይ የሚከራከረው ክፍል ጁላይ 5 ተላለፈ። የቡሽና የጎር ምርጫ ፍሎሪዳ ላይ ሲታገት በሳምንት ገደማ ውስጥ የመዋዕለ ሕጻናት ምርጫ ቆጠራ አሳዩ። ከሴፕቴምበር 11 ጥቃት በኋላ ደግሞ ሁለት ወር ሳይሞላ ቢን ላደንን ካርቱን አደረጉት፤ ሀገሩ ሁሉ መሳቅ በፈራበት ሰዓት። እነዚህ ሁሉ በአራተኛውና በአምስተኛው ሲዝን ውስጥ ናቸው።

የባንዲራው ክፍል በግሌ ብዙ አይጥመኝም። ልጆቹ የሰውን ቀለም ስላላስተዋሉ ሁሉም ነገር ይስተካከላል ዓይነት መጨረሻ አለው። ባንዲራውን ለተቃወመው ለጥቁሩ ሼፍ ቁጣ የሚመጥን መልስ አልነበረም። ግን ዘግይተው ነው የጀመሩት የሚለውን ክስ ውሃ እንዳያነሳ ያደርገዋል።

የቀረው የስኮት ቴነርማን ታሪክ ነው። ጸሐፊው ስለዚህ ክፍል የጻፉት እጅግ ጥሩ ነው፤ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። ነገሩ የሚጀምረው ከ16 ዶላር ከ12 ሳንቲም ነው። አንድ ትልቅ ልጅ ካርትማንን ያታልለውና ገንዘቡን ይበላዋል። ካርትማን ይለምናል፣ ያለቅሳል፣ ይዋረዳል። እኛም ያው የድሮው ሞኝ ልጅ ነው ብለን እናዝንለታለን። ከዚያ በቀሉ ሲመጣ፣ የልጁን ወላጆች አስገድሎ በወጥ መልክ ሲያበላው፣ ክው ብለን እንቀራለን። የምንደነግጠው ግን ካርትማንን ለአራት ሲዝን ስለምናውቀው ነው። ማርቪንን ሲሰድብ አይተነዋል፣ ኢትዮጵያ ሲራብ አይተነዋል፣ ሲሸነፍ አይተነዋል። እንዲህ ያደርጋል ብለን ግን አልጠበቅንም።

ይህ ክፍል የተላለፈው ጁላይ 11፣ 2001 ነው። የአምስተኛው ሲዝን ክፍል ነው። ጸሐፊው ዝለሏቸው ካሏቸው ሲዝኖች ውስጥ ነው።